የንስሮችን ጎጆና የረጅም ርቀት ጉዞ በመከታተያ መሣሪያ ማወቅ

በየዓመቱ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋማ ሜዳዎች፣ በስምጥ ሸለቆ ዳርቻዎችና በባሌ ተራሮች ላይ ከወትሮው የበዙ ትላልቅ ቡናማ ንስሮች ማንዣበብ ይጀምራሉ። መጋቢት ወር ሲጋመስ አብዛኞቹ በቦታው አይገኙም። እነዚህ ወፎች በሳይንሳዊ ስማቸው አኩይላ ኒፓሌንሲስ፣ በተለምዶ አጠራር ደግሞ የስቴፕ ንስር የሚባሉት ሲሆኑ፣ የሚፈለፈሉት ከኢትዮጵያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙት የካዛኪስታን፣ የሩሲያ፣ የሞንጎሊያና የቻይና ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ላይ ነው። ስቴፕ የሚለው ቃልም የእነዚህን ዛፍ አልባ ሜዳዎች መጠሪያ ያመለክታል።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2015 የስቴፕ ንስርን ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በዓለም ላይ የሚገኙት ለአካለ መጠን የደረሱ ንስሮች ቁጥር ከ50,000 እስከ 75,000 እንደሚሆን ይገመታል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአንድ የመሸጋገሪያ ቦታ ላይ በአንድ ወቅት ብቻ ከ75,000 በላይ ንስሮች ተቆጥረው እንደነበር ሲታሰብ የመቀነሱ መጠን ቀላል አይደለም።

የዚህ ወፍ ጥበቃ ከሌሎች የዱር እንስሳት ጥበቃ የሚለይበት ምክንያት አለ። ዝሆንን ወይም ዋልያን ለመጠበቅ የሚኖርበትን ቦታ ከልሎ ማስከበር በአብዛኛው በአንድ አገር መንግሥት ሥልጣን ሥር ያለ ጉዳይ ነው። የስቴፕ ንስር ግን በአንድ አገር ተፈልፍሎ፣ በሌላ አገር አድጎ፣ በሦስተኛው አገር ሊሞት ይችላል። የት እንደሚሞትና በምን እንደሚሞት ሳይታወቅ ጎጆውን ብቻ መጠበቅ በቂ ውጤት እንደማያስገኝ በመስኩ የተሰማሩ ባለሙያዎች ይስማማሉ። የመከታተያ መሣሪያዎች ጥቅም ጎልቶ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመሬት ላይ የሚሠራ ጎጆ

የስቴፕ ንስር ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክብደቱ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሲሆን፣ እንደ አብዛኞቹ አዳኝ ወፎች ሁሉ እንስቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። በኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከሚኖረውና በመልክ ከሚቀርበው ቡናማ ንስር የሚለየው የአፉ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ድረስ የሚዘልቅ በመሆኑ ነው። ገና ያልጎለመሱት ደግሞ ከክንፋቸው ሥር በሚታየው ሰፊ ነጭ መስመር ከሩቅ ይታወቃሉ።

አብዛኞቹ ንስሮች በገደል ወይም በረጅም ዛፍ ላይ ጎጆ ሲሠሩ፣ የስቴፕ ንስር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በመሬት ላይ፣ በጉብታ ወይም በዝቅተኛ ቋጥኝ አናት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ወራት እንስቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ አልፎ አልፎ አንድ ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ለ45 ቀናት ያህል ከታቀፈች በኋላ ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ። በሐምሌና በነሐሴ ወራት፣ ከተፈለፈሉ ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው፣ መብረር ይጀምራሉ። ጎጆው በመሬት ላይ መሆኑ ለሣር ቃጠሎ፣ ለቀበሮ፣ ለእረኛ ውሾችና ለከብት ኮቴ ያጋልጠዋል። የምግባቸው ዋና ምንጭ በሜዳው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳት በመሆናቸው፣ ሜዳው ታርሶ እህል ሲዘራበት ወይም ለአይጦች መርዝ ሲረጭ የንስሩ ጎጆም አብሮ ይጎዳል።

አንድ የስቴፕ ንስር ለመራባት የሚደርሰው አራትና አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። በመሆኑም አንድ ጫጩት ጎጆ መሥሪያ ዕድሜው ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን በተደጋጋሚ መመላለስ ይጠበቅበታል። ጎጆ ያለው አንድ ጎልማሳ ንስር በጉዞ ላይ ሲሞት የሚጠፋው አንድ ወፍ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ጎጆም ይታጠፋል።

ከቀለበት እስከ ሳተላይት

የወፎችን ጉዞ በዘዴ የማጥናት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1899 በዴንማርክ ሲሆን፣ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባሉ መምህር ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት የብረት ቀለበት በወፎች እግር ላይ አሰሩ። ቀለበቱ ጠቃሚ ቢሆንም መረጃ የሚሰጠው ወፉ እንደገና ሲያዝ ወይም ሞቶ ሲገኝና ያገኘው ሰው ለባለቤቱ ሲጽፍ ብቻ ነው። ቀለበት ከታሰረላቸው ወፎች መካከል እንደገና የሚገኙት እጅግ ጥቂቶቹ በመሆናቸው፣ በተነሣበትና በተገኘበት ቦታ መካከል ያለው የጉዞ መስመር በግምት የሚሰመር ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሬዲዮ አስተላላፊ በወፎች ላይ መግጠም ተጀመረ። ይህ ዘዴ አጥኚው አንቴና ይዞ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ወፉን እንዲከተል ስለሚያስገድድ ለጎጆ አካባቢ ጥናት እንጂ አኅጉር ለሚያቋርጥ ጉዞ የሚያገለግል አልነበረም።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው አርጎስ በተባለው የሳተላይት ሥርዓት አማካይነት ነው። ፈረንሳይና አሜሪካ በጋራ ያቋቋሙትና እ.ኤ.አ በ1978 ሥራ የጀመረው ይህ ሥርዓት በመጀመሪያ የታሰበው በባሕር ላይ ከሚንሳፈፉ መሣሪያዎች የአየር ጠባይና የውቅያኖስ መረጃ ለመሰብሰብ ነበር። እ.ኤ.አ በ1984 በአሜሪካ አንድ ራሰ ነጭ ንስር 170 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አስተላላፊ ተገጥሞለት በሳተላይት ክትትል ተደርጎበታል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሸክም ሊሸከሙ የሚችሉት ትላልቅ ወፎች ብቻ ስለነበሩ፣ ንስሮች ከዘመኑ ቴክኖሎጂ በቅድሚያ ተጠቃሚ ሆነዋል ማለት ይቻላል።

የአርጎስ ሥርዓት ቦታን የሚለየው ሳተላይቱ ወደ አስተላላፊው ሲቀርብና ሲርቅ በሚፈጠረው የሬዲዮ ሞገድ ለውጥ በመሆኑ ስሕተቱ ከመቶዎች ሜትር እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ኋላ ላይ ጂ.ፒ.ኤስ በመሣሪያው ውስጥ ሲካተት ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ አለ። ንስሩ በየትኛው ሸለቆ እንዳደረ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ምሰሶ ላይ እንዳረፈ ለማወቅ የተቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች መካከል በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ የሚሠሩት ይገኙበታል። እነዚህ መሣሪያዎች የቦታ መረጃን በየሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እየመዘገቡ ያከማቹና መረብ ባለበት ቦታ ሲደርሱ በአንድ ጊዜ ይልካሉ። እ.ኤ.አ በ2020 አገልግሎት የጀመረው ኢካሩስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተተከለ አንቴና ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ በ2022 በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ በጀርመንና በሩሲያ ተቋማት መካከል የነበረው ትብብር ሲቋረጥ የአንቴናው አገልግሎትም ተቋርጧል።

መሣሪያውን መግጠምና መረጃውን ማንበብ

በአጠቃላይ ተቀባይነት ያገኘው መመሪያ የመሣሪያው ክብደት ከወፉ ክብደት ከ3 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። 3 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ንስር ይህ 90 ግራም ማለት ሲሆን፣ አሁን የሚመረቱት መሣሪያዎች ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። መሣሪያው ንስሩ በጀርባው ላይ እንደ ቦርሳ እንዲያዝለው የሚደረግ ሲሆን፣ ማሰሪያው ላባና ቆዳ የማይልጥ ለስላሳ ጥብጣብ ነው። ጥንቁቅ አጥኚዎች ጥብጣቡን በጥጥ ክር ይሰፉታል። ክሩ ከዓመታት በኋላ አልቆ ሲበጠስ መሣሪያው ከንስሩ ላይ ይወድቃል፤ ወፉም ዕድሜ ልኩን ዕቃ ተሸክሞ አይኖርም።

ጫጩቶች መሣሪያ የሚገጠምላቸው አካላቸው አድጎ ላባቸው ከሞላ በኋላ፣ ግን ከጎጆ ከመውጣታቸው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ቢገጠም ማሰሪያው ለሚያድገው አካል ይጠብባል፤ ከዘገየ ደግሞ ጫጩቱ ሰው ሲቀርበው ዘሎ ሊያመልጥ ይችላል። ጎልማሶቹን መያዝ ከዚህ የበለጠ ከባድ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በመኖ ቦታ ላይ በወጥመድ ይያዛሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው መረጃ በካርታ ላይ የሚሰፍሩ ነጥቦች ስብስብ ነው። ነጥቦቹን የማንበብ ሥራ ልምድ ይጠይቃል። በጸደይ ወራት ወደ ሰሜን ሲገሠግሡ የነበሩት ነጥቦች በአንድ ቦታ ተከማችተው በየሌሊቱ እዚያው ሲያድሩ ጎጆ መያዙን ያመለክታሉ። የእንስቷ ነጥቦች ለስድስት ሳምንት ያህል ከአንድ ሥፍራ ካልተንቀሳቀሱ እንቁላል እየታቀፈች ነው። ይህ ሁኔታ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ላይ በድንገት ካበቃና ንስሯ ሩቅ መሄድ ከጀመረች ጎጆው ሳይከሽፍ አልቀረም ተብሎ ይታሰባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ከሆነ ደግሞ ወንዱ ወደ አደን ቦታና ወደ ጎጆ የሚያደርገው ምልልስ ይበዛል። ቀድሞ አጥኚው በሜዳ ላይ ተደብቆ በመነጽር ይከታተል የነበረውን፣ በመገኘቱም ንስሯን ከእንቁላሏ ያስበረግግ የነበረውን ሥራ መሣሪያው በርቀት ያከናውነዋል።

የሞት መረጃም በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል። ነጥቦቹ በአንድ ቦታ ላይ ቀንና ሌሊት ሳይነቃነቁ ሲቀሩ፣ ቦታው በሳተላይት ምስል ሲታይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ሆኖ ሲገኝ የመስክ ቡድን ይላካል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መልእክት መቋረጡ ብቻውን የሞት ማረጋገጫ አይደለም። ባትሪው ሊደክም፣ ላባ የፀሐይ ኃይል መቀበያውን ሊሸፍነው ወይም ንስሩ የስልክ መረብ በሌለበት አካባቢ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። ሬሳው በአካል ሳይገኝ የሞት ምክንያት መመዝገብ ለተሳሳተ ውሳኔ ይዳርጋል።

ይህን የመሰለ ክትትል ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል ለማየት እ.ኤ.አ በ2019 በሩሲያ የተከሰተው ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። በኖቮሲቢርስክ የሚገኙ አጥኚዎች 13 የስቴፕ ንስሮችን በስልክ አጭር መልእክት ይከታተሉ ነበር። ሚን የሚል ስም የተሰጠው አንደኛው ንስር በጋውን በካዛኪስታን የስልክ መረብ በማይደርስበት አካባቢ ካሳለፈ በኋላ በቀጥታ ወደ ኢራን በረረ፤ እዚያም መረብ እንዳገኘ በመሣሪያው ውስጥ የተከማቹትን በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ላከ። በካዛኪስታን 15 ሩብል ገደማ ያስከፍል የነበረው አንድ መልእክት በኢራን 49 ሩብል በመሆኑ፣ ለሁሉም ንስሮች የተያዘው በጀት በአንድ ወፍ ሒሳብ ብቻ አለቀ። አጥኚዎቹ ሕዝቡ ለንስሩ የስልክ ሒሳብ እንዲሞላ በኢንተርኔት ጥሪ አቅርበው ከ100,000 ሩብል በላይ የተሰበሰበ ሲሆን፣ ሜጋፎን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያም ዕዳውን ሰርዞ በቅናሽ ታሪፍ እንዲገለገሉ ፈቅዷል። ጉዳዩ በወቅቱ በዓለም መገናኛ ብዙኃን እንደ ቀልድ ቢዘገብም፣ አንድ ንስር ያለ ምንም ፈቃድ ስንት ድንበር እንደሚያቋርጥ በሒሳብ ደረሰኝ አሳይቷል።

በቀይ ባሕር ዙሪያ

ንስሮች ረጅም ርቀት የሚጓዙት ክንፋቸውን እያርገበገቡ አይደለም። መሬት በፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው ወደሚቀጥለው ሞቃት አየር ይንሸራተታሉ። በዚህ ዘዴ ብዙ ጉልበት ሳያወጡ በአንድ ቀን 200 እና 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይችላሉ። ሞቃት አየር በባሕር ላይ እንደ መሬት ስለማይነሣ ሰፊ ባሕር ከማቋረጥ ይቆጠባሉ። ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚመጡት ወፎች በሙሉ ወደ ጥቂት ጠባብ መሸጋገሪያዎች የሚሰበሰቡትም ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ አንዱ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ነው። ጂኦፍና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ በ1987 መፀው በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ሆነው ባካሄዱት ቆጠራ 246,000 ያህል አዳኝ ወፎች ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ የመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። በሰሜናዊው የቀይ ባሕር ጫፍ፣ በእስራኤል ኢላት፣ እ.ኤ.አ በ1985 ወደ ሰሜን ሲመለሱ የተቆጠሩት የስቴፕ ንስሮች ደግሞ ከ75,000 በላይ ነበሩ። በኋላ ባሉት ዓመታት በኢላት የሚቆጠሩት በእጅጉ አሽቆልቁለዋል።

ሁለቱ ቆጠራዎች አንድ ጥያቄ አስነሥተው ነበር። በባብ ኤል መንደብ የሚገቡትና በኢላት የሚወጡት ንስሮች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ወፎቹን ቆሞ በመቁጠር ብቻ መልስ ሊገኝ አልቻለም። ጀርመናዊው አጥኚ በርንት ኡልሪሽ ማይቡርግና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ በሳዑዲ ዓረቢያ የተያዙ የስቴፕ ንስሮች ላይ የሳተላይት አስተላላፊ በመግጠም ያካሄዱትና እ.ኤ.አ በ2003 ለኅትመት የበቃው ጥናት ምላሹን ሰጥቷል። ንስሮቹ በመፀው በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ወርደው በባብ ኤል መንደብ ወደ አፍሪካ ቀንድ ይሻገራሉ፤ ሲመለሱ ግን በአፍሪካ በኩል ወደ ሰሜን ወጥተው በስዊዝ አካባቢ በማለፍ ወደ እስያ ይገባሉ። በሌላ አነጋገር ቀይ ባሕርን ይዞሩታል። ኢትዮጵያም በዚህ ዙር መንገድ ላይ መግቢያም ማረፊያም ሆና ታገለግላለች።

ይህ መስመር የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር የጉዞ መስመር በመባል ይታወቃል። በየዓመቱ 37 ዝርያዎች ያሏቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ ወፎች የሚያልፉበት ሲሆን፣ በብዛት ከዓለም ሁለተኛውን ደረጃ ይዟል። ሁሉም የስቴፕ ንስሮች ግን በዚህ አያልፉም። ከምሥራቃዊው ክፍል የሚነሡት ወደ ሕንድና ፓኪስታን ይወርዳሉ፤ ብዙ ሺህ የሚሆኑ ደግሞ ባሕር ሳይሻገሩ ክረምቱን በሳዑዲ ዓረቢያ የቆሻሻ መጣያ ሥፍራዎች አካባቢ ያሳልፋሉ።

የሞት ቦታዎች

ክትትሉ ካስገኛቸው ውጤቶች ሁሉ ለመንግሥት ተቋማት ቀጥተኛ ትርጉም ያለው የሞት ቦታዎች መለየታቸው ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ለንስር ከሁሉ የተሻለ ማረፊያ ነው፤ አካባቢውን ሁሉ ያሳየዋል፣ ለመነሣትም ያመቸዋል። አደጋው የሚደርሰው ከፍተኛ ኃይል በሚሸከሙት ትላልቅ ማማዎች ላይ ሳይሆን በአብዛኛው በመካከለኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ነው። በትላልቆቹ ማማዎች ሽቦዎቹ በጣም የተራራቁ ናቸው። በገጠር በሚዘረጉት፣ በኢትዮጵያም ባለ 15 እና ባለ 33 ኪሎ ቮልት በሚባሉት ዓይነት መስመሮች ግን በአግዳሚው ብረትና በሽቦው መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። በአግዳሚው ላይ ያረፈ ንስር ክንፉን ሲዘረጋ በአንድ በኩል መሬት የነካውን ብረት፣ በሌላ በኩል ሽቦውን ሲነካ፣ ወይም ሁለት ሽቦዎችን በአንድ ጊዜ ሲያገናኝ ወዲያውኑ ይሞታል። በካዛኪስታንና በሩሲያ ሜዳዎች በዚህ መንገድ ከሚሞቱት አዳኝ ወፎች መካከል የስቴፕ ንስር ከግንባር ቀደምቶቹ ነው።

በቀጣናው የሚታወቀው ምሳሌ በሱዳን ፖርት ሱዳን አቅራቢያ የነበረው መስመር ነው። በ1950ዎቹ የተዘረጋውና 31 ኪሎ ሜትር ርዝመት የነበረው ይህ መስመር በዋናነት ሲጎዳ የነበረው የስቴፕ ንስርን ሳይሆን የግብፅ ጥንብ አንሳ የተባለውን፣ እርሱም የመጥፋት አደጋ የተደቀነበትን ወፍ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በምሰሶዎቹ ሥር በርካታ ሬሳዎች መገኘታቸው ተመዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ በ2010 እንደገና በተደረገ ፍተሻም 17 የግብፅ ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኝተዋል። መስመሩ አገልግሎት በሰጠባቸው ስድሳ ዓመታት ገደማ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎችን እንደገደለ ይገመታል። እ.ኤ.አ በ2014 ኃይሉ ተቋርጦ ሽፋን ባለው አዲስ መስመር ተተካ። ከቡልጋሪያ እስከ አርሜንያ ባሉ አገሮች ጎጆዎችን ለመጠበቅ ብዙ ገንዘብ ሲወጣ፣ ከጎጆዎቹ የወጡት ወፎች በአንድ የሱዳን መስመር ላይ ያልቁ እንደነበር ለማወቅ ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ አስተማሪ ነው።

የግብፅ ጥንብ አንሳ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአፋር ክልል በክረምት የሚሰበሰበው ቁጥር በዓለም ከሚታወቁት ትላልቅ ስብስቦች አንዱ ነው። በባልካን አገሮች፣ በቱርክና በሌሎች ሥፍራዎች መሣሪያ የተገጠመላቸው ወፎች ወደ አፋርና አካባቢው መምጣታቸው ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣና 45 የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን የተከታተለ ጥናትም ባብ ኤል መንደብንና የስዊዝን አካባቢ ከዋና ዋናዎቹ ማነቆዎች መድቧቸዋል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ ከ2017 እስከ 2022 የተካሄደው የዚህ ወፍ ጥበቃ ፕሮጀክት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በመተባበር በኢትዮጵያም የመስመር ዳሰሳና አደገኛ ምሰሶዎችን የመሸፈን ሥራ አካቶ ነበር።

ሌላው የሞት ምክንያት ከብቶች ሲታመሙ ከሚሰጣቸው መድኃኒት የሚመጣ ነው። ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በተሰጣቸው ከብቶች ሬሳ ላይ በመመገባቸው በሕንድ ክፍለ አኅጉር በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል አግደዋል። እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በሕንድ ራጃስታን ሞተው በተገኙ የስቴፕ ንስሮች አካል ውስጥ ይኸው መድኃኒት መገኘቱንና ኩላሊታቸው መጎዳቱን አረጋግጧል። ጉዳቱ በጥንብ አንሳዎች ላይ ብቻ የሚያበቃ ተደርጎ ይታሰብ የነበረው አመለካከት ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል።

ለተቋማት የሚተርፈው ሥራ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2010 የተሰዳጅ የዱር እንስሳት ዝርያዎች ስምምነት አባል ሆናለች። እ.ኤ.አ በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጉዳዩን በዋናነት የሚከታተል ቢሆንም፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱም ከብሔራዊ ፓርክ ክልል ጋር የተያያዘ አይደለም። የምሰሶ ዓይነት የሚመርጠው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ነው፤ የእንስሳት መድኃኒት የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የግብርናው ዘርፍ ነው፤ የቆሻሻ መጣያ ቦታ የሚወስነው ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ነው።

በምሰሶ ረገድ መፍትሔው የታወቀና ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ይኸውም በዲዛይን ጊዜ ከተወሰነ ብቻ። በአውሮፓ የሚሠራበት ምክር ወፉ ከሚያርፍበት ቦታ እስከ ኃይል ተሸካሚው ሽቦ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት ሽቦዎች መካከል ደግሞ ቢያንስ 140 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲኖር ያዛል። ስኒ የሚባለው ኢንሱሌተር ከአግዳሚው በላይ ከሚቆም ይልቅ ከአግዳሚው ሥር እንዲንጠለጠል ማድረግ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የተተከለ መስመር ሲሆን ደግሞ በምሰሶው ግራና ቀኝ ያለውን ሽቦ በፕላስቲክ ሽፋን ማልበስ ይቻላል፤ ወጪው ግን መጀመሪያ ላይ ከሚደረገው ማስተካከያ ይበልጣል። ሁሉንም ምሰሶ መሸፈን አስፈላጊ አለመሆኑን የጠቆመውም የክትትሉ መረጃ ነው። ንስሮች የሚያርፉት በብዛት በሜዳ፣ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ ባሉት ላይ በመሆኑ ሥራውን ከእነዚህ መጀመር ይቻላል።

ጉዳዩ ለወፎች ሲባል ብቻ የሚታይ አይደለም። ንስር ሲነካው መስመሩ ኃይል ያቋርጣል፤ በመስመሩ የሚገለገሉ ከተሞች፣ ጤና ጣቢያዎችና ወፍጮ ቤቶችም ይቆማሉ። ሆኖም በተለምዶ ንስሩም፣ ጥንብ አንሳውም፣ ጭልፊቱም በአንድነት «አሞራ» ስለሚባሉ፣ የተቋረጠበት ምክንያት «አሞራ» ተብሎ ቢመዘገብ የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ምሰሶ እንደሞተ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። የምሰሶውን ቁጥርና የሬሳውን ፎቶግራፍ ከጥገና ሪፖርቱ ጋር ማያያዝ ይህን ክፍተት ይሞላል።

የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ። እ.ኤ.አ በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ በ2012 እና በ2015 የተጠናቀቁት የአዳማ ጣቢያዎች፣ እንዲሁም በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የአይሻ አካባቢ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር የጉዞ መስመር ላይ ወይም በአቅራቢያው ይገኛሉ። ንስሮች የሚፈልጉት ወደ ላይ የሚነሣ አየርና ባለሙያዎች ለነፋስ ጣቢያ የሚመርጡት ሸንተረር ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። በሌሎች አገሮች የወፎች ጉዞ በሚበረታባቸው ሳምንታት ወፍ ሲቀርብ ተርባይን ለአጭር ጊዜ የማቆም ልምድ ያለ ሲሆን፣ የሚቆምበትን ቀንና ሰዓት ለመለየት መነሻ የሚሆነው የክትትልና የቆጠራ መረጃ ነው።

መሣሪያ የተገጠመለት ወፍ በማንኛውም ሥፍራ ሞቶም ሆነ ቆስሎ ሲገኝ በመሣሪያው ወይም በእግሩ ቀለበት ላይ ቁጥርና የባለቤቱ አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። መሣሪያው ዋጋው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሊሆን ቢችልም ከአጥኚው በስተቀር ለማንም የሚያገለግል አይደለም፤ ለስለላ የሚውል ዕቃም አይደለም። በሱዳንና በሌሎች አገሮች ወፎች በዚህ ጥርጣሬ ተይዘው የታሰሩበት ጊዜ አለ። ያገኘው ሰው ቁጥሩን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ ለወረዳው አስተዳደር ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቢያስታውቅ መረጃው ወደ ባለቤቱ ይደርሳል። ወፉ በሕይወት ካለ መሣሪያው ሳይወልቅ፣ ክንፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጨለማና በጸጥታ ቦታ እንዲቆይ ይመከራል።